ለወርቅ የሚሆን መብራት

ወርቅን ፎቶ ማንሳት ሰውን ከማንሳት ይብሳል። ሰው ቢያንስ «ቀና በል፣ ፈገግ በል» ሲሉት ይሰማል። ወርቅ ግን ፊቱ የቆመውን ሁሉ መልሶ ያሳያል፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ የመስኮቱን ብረት፣ የእኔን አፍንጫ። አንድ ጊዜ የሙሽራ ጆሮ ጌጥ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው፣ ከእንክብሎቹ በአንዱ ላይ ራሴን አገኘሁት፤ ካሜራ የያዘች፣ ላብ በላብ የሆነች፣ የተቆጣች ሴትዮ። ፎቶውን አጠፋሁትና እንደገና አነሳሁ። እንደገና ማንሳት ይሰለቸኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ደስ የሚለኝ እሱ ነበር።

ሥራዬ ይሄ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ወርቅና ብር የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ማሳየት ሲጀምሩ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ፈርጥ መዳፍ አሳክሎ የሚያሳይላቸው ሰው ፈለጉ። እኔ ደግሞ የሰርግ ፎቶ አንገሽግሾኝ ነበር። ሰርግ ላይ አክስትም አጎትም፣ ከግብዣው ውጪ የመጣውም ሁሉ ያዝዝሻል። ስለዚህ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታችን የጎኗን ክፍል አጸዳሁ፣ ጠረጴዛ አስገባሁ፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረድኩ። ቤቱ አባቴ ባቡር ጥገና ውስጥ በያጅ ሳለ የሠራው ነው። አሁን የምንኖርበት እኔና ልጄ ብቻ ነን። እሷ ኮሌጅ ትማራለች፤ አባቷ ከሞተ ቆይቷል።

ሰው ሁሉ ካሜራሽ ምን ዓይነት ነው ይለኛል። ስለ ካሜራ አትጠይቁኝ። በዚህ ሥራ ካሜራው እንግዳ ነው፤ የቤቱ ባለቤት መብራቱ ነው። አንድን ትንሽ ነገር በማክሮ ሌንስ በጣም ስትጠጊው ጥርት ብሎ የሚታየው አንድ ስስ ቁራጭ ብቻ ነው። የቀለበቱ ፈርጥ ሲጠራ ጣት የሚገባበት ክብ ይደበዝዛል፤ ክቡ ሲጠራ ፈርጡ ይጠፋል። ሁሉም እንዲጠራ ከፈለግሽ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ አለብሽ። ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ሌንሱ ብርሃን ይርበዋል። ማክሮ የሚያነሳ ሰው ዕድሜ ልኩን ብርሃን ሲለምን ይኖራል። ይሄን የሚነግርሽ ሻጭ የለም፤ ሌንሱን ጠቅልሎ ይሰጥሽና በሰላም ግቢ ይልሻል።

በአምፖል ጀመርኩ። ቢጫው አምፖል ወርቁን መዳብ አደረገው። ነጩን ሞከርኩ፤ አረንጓዴ ነገር ቀባው። ያኔ ብዙ ሥራ የምትሰጠኝ መጋላ ውስጥ ወርቅ የምትሸጥ ሐረሪ ሴትዮ ነበረች። ፎቶውን ስልኳ ላይ አይታ፣ «አቦ፣ ምን አደረግኩሽ? ወርቄን የውሃ ቧንቧ አስመሰልሽው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቀጥዬ ሁሉም ሰው የሚገዛውን ክብ መብራት ገዛሁ፤ ያንን ቲክቶክ የሚሠሩ ልጆች ፊታቸው ላይ የሚገትሩትን። ፊት ላይ ያምራል። እንክብል ወርቅ ላይ ግን እያንዳንዷ ፍሬ ነጭ ቀለበት ይዛ ትወጣለች፤ የአንገት ሀብሉ በሙሉ የዓሣ ዓይን የተደረደረበት መሰለ። እሱንም ወደ ጥግ ገፋሁት።

በመጨረሻ የተስማማኝ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ነበሩ። ፊታቸውን የምሸፍንበት ነገር ፍለጋ ግን ቤቱን አተራመስኩት። ብርሃን ሳይለሰልስ ወርቅ ላይ ካረፈ ይነክሳል፤ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማለስለሻ አለ፤ ገዝቼው ነበር፣ በድሬ ሙቀት ተጣመመ። የዛንዚራ፣ የወባ አጎበር ጨርቅ ሞከርኩ፣ የቀዳዳዎቹ ጥላ ወርቁ ላይ ወጣ። የተሻለው የእርጎ ፕላስቲክ ዕቃ ሆኖ ተገኘ፤ ታጥቦ፣ ቂጡ ተቆርጦ፣ መብራቱ ላይ ይደፋል። ከዚያ ካሜራውን በአንድ ፀጉር ልክ ወደፊትና ወደኋላ የሚነዳውን ትንሽ ሃዲድ ገዛሁ። የባቡር ሰው ልጅ በመጨረሻ የራሷ ሃዲድ ኖራት ብላ ልጄ ሳቀችብኝ።

ማራገቢያ ማብራት አይቻልም። ይሄን ድሬ ላልኖረ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በዚያ ሙቀት፣ መስኮት ተጋርዶ፣ መብራት በርቶ፣ ማራገቢያው ጥግ ላይ ቆሞ እያየሽው አታበሪውም፤ ንፋሱ ሰንሰለቱን ያወዛውዘዋል፣ ፎቶው ይበላሻል። ጠዋት በጠዋት ተነስቼ ፀሐይዋ ሳትበረታ እጀምር ነበር። እንደዚያም ሆኖ ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ወርቁ ላይ እንዳይወድቅ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው የምሠራው። ደስተኛ ነበርኩ። ይሄንን ቃል ዛሬ ስጽፈው ያናድደኛል፤ ግን ነበርኩ። ሥራ ሳይኖር ካሜራውን ይዤ ጊቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ሥር እንበረከክና ጉንዳን አነሳለሁ። የጉንዳን ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉንጯ ላይ ፀጉር አላት።

ከዚያ መብራቱ ማነስ ጀመረ።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ድሬ ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ማራገቢያና ፍሪጁን ይለቃል፤ መስመሩ ላይ ያለው ኃይል ይወርዳል፣ አምፖሉ ይቀላል። ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው። ለጎረቤቴ በአጥር በኩል፣ «ዛሬም መብራቱ ወረደ» እላታለሁ። እሷም ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ «ወረደ፣ ተይኝ እስቲ» ትለኛለች። ድሬ ውስጥ በዚህ ነገር የሚከራከርሽ ሰው የለም። ሌላ አገር ያለ ሰው ቤቱ ቢጨልምበት ዓይኑን ይጠረጥር ይሆናል። እኛ የምንጠረጥረው መስመሩን ነው። እኔም ጠረጠርኩ፤ በጠረጠርኩ ቁጥርም ወደ ገበያ ሄድኩ።

ኃይል የሚያስተካክል ስታብላይዘር ገዛሁ። ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብሎ ያጉረመርማል፤ መብራቱ ግን ያው ነው። አምፖሎቹን በትልልቅ ቀየርኳቸው። ሁለቱ መብራቶች አራት ሆኑ። የእርጎ ዕቃዎቹ ሙቀቱን አልቻሉትምና ቀለጡ። ልጄ አንድ ቀን ሻይ ይዛልኝ ስትገባ ብርሃኑ መታትና ተመልሳ ወጣች፤ ከዚያ የፀሐይ መነጽሯን አድርጋ መጣች። «እማ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እንቁላል ይጠበሳል እኮ» አለችኝ። ስታሾፍ ታምራለች። እኔም ሳቅኩና፣ «ጨለማ ነው፣ በሩን አትዝጊብኝ» አልኳት። ሁለታችንም የየራሳችንን ቀልድ እንደቀለድን ነው የመሰለን።

ካሜራው ራሱ ብርሃን ይለካል። ብርሃኑ በዛ፣ ቀንሺ ይለኛል። እኔ ደግሞ አረጀ አልኩት፤ የእሱን ልኬት ትቼ በራሴ ዓይን ማስተካከል ያዝኩ። የመጋላዋ ሴትዮ ፎቶዎቹን መመለስ ጀመረች። «ነጣ፣ ወተት የተደፋበት ይመስላል» አለችኝ። ስልክሽ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ስልኳን ዘርግታ የድሮ ሥራዬንና የአሁኑን ጎን ለጎን አሳየችኝ፤ ለእኔ የአሁኑ ይሻል ነበር። ስንት ዓመት አብረን የሠራን ሴቶች በዚያ ፎቶ ምክንያት ተኮራረፍን።

ሌላም ሌላም ነገር ነበር፤ ግን አንዱን ከአንዱ ያገናኘው ማን ነው? የክፍሉ በር ፍሬም ትከሻዬን እየመታኝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበልዝ ነበር። መንገድ ላይ ሰዎች ከጎን ሰላም ሲሉኝ አልፌያቸው እሄዳለሁ አሉ። እዚህ ከተማ ሰላምታ መዝለል ቀላል ነገር አይደለም፤ ወርቅ ነክታ ኮራች ተባልኩ። አንድ ባጃጅ ከቀኝ በኩል ድንገት ከመሬት እንደበቀለ ሁሉ ፊቴ ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። እኔም አልተኛሁለትም። ጥፋቱ የእሱ ነበር የመሰለኝ።

መስመሩን ተስፋ ስቆርጥ በባትሪ የሚሠራ መብራት ገዛሁ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ፣ ሶማሊኛው ከአማርኛው የሚፈጥንለት ደንበኛ አለኝ፤ ከመጀመሪያዋ አምፖል ጀምሮ ዕቃዬን ሁሉ ያመጣልኝ እሱ ነው። ጠፍጣፋ፣ መጽሐፍ የምታክል መብራት ነበረች። ከግድግዳው ጋር ምንም ጉዳይ የላትም፤ መስመሩ ወረደ ወጣ አይመለከታትም። ቤት ወስጄ ባትሪዋን ሞላሁና መጨረሻ ድረስ ከፍ አድርጌ አበራኋት። ደካማ ነበረች። አንድ ቀን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ። ያው ደብዛዛ። ምን ያህል እንደተናደድኩ አልነግራችሁም። ጠዋት ሙቀቱ ሳይነሳ በፌስታል ይዤ፣ ባጃጅ ውስጥ የምሰድበውን እየተለማመድኩ ሄድኩ።

«አስመስለው የሠሩትን ዕቃ ሰጠኸኝ» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

«ቆይ አባዮ፣ ውሃ ጠጪ» አለ። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። «ምን ሆነ?»

«አያበራም። ሻማ ይሻላል።»

ሱቁ ጠባብና ውስጡ ጨለም ያለ ነው። መብራቷን ከፌስታሉ አውጥቶ ወደ እኔ አዙሮ ሊከፍታት ሲል ቀማሁትና ራሴ አበራኋት፤ እስከ መጨረሻው አደረስኳትና ወደ እሱ አዞርኳት። ሁለቱንም እጆቹን ፊቱ ላይ ጫነ።

«አጥፊው! ወላሂ ዓይኔን አጠፋሽው! አጥፊው!»

ፊት ለፊት ያለው ባለ ጫማ ሱቁም ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ጮኸ። የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። እኔ የማየው ክረምት ላይ በመጋረጃ የሚገባ የመሰለ፣ ግራጫ፣ የደከመው ብርሃን ነው። መብራቷን ወደ ራሴ አዙሬ በደንብ አየኋት። ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። እሱ በጣቶቹ መሃል እያየኝ ነበር፤ እያሾፈ አልነበረም።

«አባዮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይሄ ዕቃ ምንም አልሆነም። ዓይንሽን ታዪ።»

ዓይንሽን ታዪ ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ቁጣ ነው። ከዚያ ቁጣው ቆመና ሌላ ነገር ገባ። ፍርሃት ልበለው? ከፍርሃትም በፊት ያለ ነገር ነው፤ ወለሉ ያለ አይመስልሽም። በሩ፣ ትከሻዬ፣ ባጃጁ፣ ወተት የመሰለው ወርቅ፣ የልጄ የፀሐይ መነጽር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰብስበው መጡ። መብራቷን አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም። ሲያወጣኝ ክንዴን ይዞኝ ነበር።

ቤት ገብቼ በር ዘጋሁ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው በአንድ ዓይኑ ነው የሚኖረው፤ እኔ ሁልጊዜ ግራዬን ጨፍኜ በቀኜ ነው የማየው። ግራዬን ጨፈንኩና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየሁ። አንድ ቁጥር ታየኝ። ካላንደሩ አልነበረም፤ ግድግዳው አልነበረም፤ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ ያለ አንድ ቁጥር ብቻ። ለዓመታት በዚያች ቀዳዳ አሾልቄ ስመለከት ዙሪያውን ሁሉ እያጣሁ ነበር፤ ሥራዬ ደግሞ መሃሉን ብቻ ነው የሚፈልገው። የጉንዳን ጉንጭ ላይ ያለ ፀጉር አያለሁ፣ የራሴን በር አላይም። ማክሮ ባላነሳ ኖሮ ቶሎ ይታወቀኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ማሰቡም አይጠቅመኝም።

ዛሬ ቀኝ ዓይኔ የለም ማለት ይቻላል። ግራው ውስጥ ትንሽ ብርሃን ቀርታልኛለች፣ እሷን እንዳላጣ ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርጋለሁ። ጠብታው የጠፋውን አይመልስም፤ ያለውን ይጠብቃል ነው የሚሉት፣ እሱም ከጠበቀ። በግራ ዓይኔ ለማንሳት ሞክሬ ነበር። በግራ እጅ እንደመጉረስ ነው፤ አፍንጫዬ መንገድ ይዘጋል፣ እጄ ይሳሳታል። መብራቶቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ልጄ መስኮቱ ላይ የነበረውን ጥቁር ጨርቅ አውርዳ አጠበችው። ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል አሉ። ለእኔ ብዙም ለውጥ የለውም። ሰዎች ተስፋ አትቁረጪ ይሉኛል፤ ለእነሱ እንዲቀላቸው እሺ እላለሁ።

ክሊኒክ የሄድንባትን ቀን ግን ዘልዬ ነው ያለፍኳት።

የወሰደችኝ ልጄ ናት። ዶክተሯ ከሌላ ከተማ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ እርስዎ ትለኛለች። እኛ ድሬዎች አዛውንቱንም አንተ ነው የምንለው፤ እርስዎ የሚልሽ ሰው ካገኘሽ መጥፎ ነገር ሊነግርሽ ነው። አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ የዓይኔን ግፊት ለካች፤ ደግማ ለካች። ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«አባቴ» አልኳት። «የእሱ ግን በሽታ አይደለም። የብየዳ እሳት ነው።»

«ሐኪም ነው እሳት ነው ያለው?»

ሐኪም አላለም። እኛ ነን ያልነው። ባቡር ጥገና ውስጥ ስንት ዓመት ብልጭታ ሲያይ የኖረ ሰው ዓይኑ ቢጠፋ ሌላ ምን ይባላል? በመጨረሻው ዘመኑ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብሎ፣ «መብራት አብሩ እንጂ» ይለን ነበር። እኛም እንዳይከፋው፣ መብራት ጠፍቷል እንለው ነበር። እሱም ያምነናል፤ መስመሩን ይራገም ነበር። ይሄን ለዶክተሯ አልነገርኳትም።

«ግላኮማ ይባላል» አለችኝ። «በዘር ይመጣል። ልጅዎም መታየት አለባት።»

ቀጥላ የዓይኔን ውስጥ የሚያነሳ ካሜራ ፊት አስቀመጠችኝ። አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፤ እሱንም ቢሆን እምብዛም አላየሁትም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና ጠጋ ብዬ እንዳይ ነገረችኝ። የዓይኔ ጀርባ ነው። ክብ፣ ብርቱካንማ፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች የተሰራጩበት ነገር። በአንድ በኩል ነጣ ያለ ክብ ጎድጓዳ አለ። ነርቩ የሚገባበት ቦታ እሱ ነው አለችኝ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ጠርዙ ወፍራም ነው፣ የእርስዎ ተቦርቡሮ አልቋል አለችኝ። በጣቷ ጠርዙን እየዞረች አሳየችኝ።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። ጥላ የለም። ነጭ ጠባሳ የለም። ቀለሙ አልተበላሸም። እያንዳንዷ ደም ሥር ከዳር እስከ ዳር ጠርታለች። እርጥብና የሚያብለጨልጭ፣ ከወርቅ የባሰ አስቸጋሪ ነገር፣ በሌላ ሰው ጨለማ ውስጥ ገብተው እንዲህ አድርገው አብርተውታል። በሕይወቴ ስፈልገው የኖርኩት ብርሃን እሱ ነበር፤ ያገኘሁት ደግሞ እዚያ፣ የሞተው ነርቤ ላይ።

«ብርሃኑ በጣም ጥሩ ነው» አልኳት።

«እ?»

«መብራቱ። ከየት በኩል ነው የሚገባው? ነጸብራቅ የለውም እኮ። ምን ሸፍናችሁበት ነው?»

ማቆም አልቻልኩም። ወደ ስክሪኑ ተጠግቼ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ጥራቱ፣ እኔ በእርጎ ዕቃ ስሞክረው ስለኖርኩት ነገር እያወራሁ ቀጠልኩ። ድምፄ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር፤ ራሴ እየሰማሁት ነበር። ካቆምኩ የነገረችኝን ነገር መስማት ሊኖርብኝ ነው።

ዶክተሯ ከመሳቢያዋ ሶፍት አውጥታ ዘረጋች። ለእኔ መሰለኝና፣ «ኧረ አላለቀስኩም» አልኳት።

«ለልጅዎ ነው» አለችኝ።

አንገቴን በሙሉ አዞርኩ። ልጄ በቀኜ በኩል ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ፊቷ እስከ አንገቷ ርሷል፣ ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በነጠላዋ ጠርዝ ይዛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምታለቅስ አላውቅም።